ምዕራፍ 7፦ ዜሮ ቁጥሩ ቋንቋ

ላቴክ በተባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ አማርኛ የሚያቀናብር ሰው ጽሑፉን ጨርሶ ፋይሉን ሲያስኬድ፣ ስክሪኑ ላይ እየተንከባለለ በሚያልፈው ረጅም መዝገብ ውስጥ አንዲት ማስጠንቀቂያ ሳያያት ልታልፍ ትችላለች። ይዘቷ እንዲህ ነው፦ ለዚህ ቋንቋ የቃል መክፈያ ንድፍ አልተጫነም፤ በምትኩ በዜሮ ቁጥሩ ቋንቋ ንድፍ እሠራለሁ። ስህተት አይደለችምና ሥራው አይቋረጥም፤ ፒዲኤፉም ይወጣል። መዝገቡን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ጥቂት ነው።

ዜሮ ቁጥሩ ቋንቋ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ነው። በዚያ ንድፍ ውስጥ አንድም የኛ ፊደል ስለሌለ ፕሮግራሙ አማርኛ ቃል ሲያገኝ የሚቆርጥበት ቦታ ያጣል፣ ስለዚህ የትኛውንም ቃል አይከፍልም። ጉዳቱ የሚታየው ገጹ ላይ ነው። አንዱ መስመር ከኅዳጉ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሌላው ውስጥ አራት ቃላት ብቻ ግራና ቀኝ እንዲደርሱ ተለጥጠው በመካከላቸው ሰፊ ነጭ ቦታ ይቀራል። አንባቢው ችግሩ ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ የሚሰማው ጽሑፉ እንደሚያደክመው ብቻ ነው።

በዚህ ምዕራፍ የማነሳው ጉዳይ ከላይ ሲታይ ቀላል ነው፦ ለአንድ ቋንቋ የተሠራ የቃል መክፈያ ንድፍ ተጠቃሚው ሳይጠይቅ በርቶ መምጣት አለበት ወይስ ፈልጎ የሚያበራው ነገር ይሁን? ስልኮቻችን «ነባሪ» የሚሉት ቅንብር ማለትም ማንም ሳይነካው ባለበት የሚሠራው ምርጫ ምን ይሁን ነው ጥያቄው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደማስቀምጥ ከወዲሁ ልናገር።

በመጀመሪያ ግን ቃል መክፈል ለምን ያስፈልጋል የሚለውን በአማርኛ ዓይን እንየው። «እንዳልተመለከታቸውም» የሚለውን ቃል ውሰዱ። 12 ፊደላት አሉት። እንግሊዝኛው ይኸንኑ ሐሳብ ሲገልጽ በበርካታ አጫጭር ቃላት በትኖ ነው፤ በቃላቱ መካከል ባለው ክፍተት ሁሉ መስመሩ ሊታጠፍ ይችላል። አማርኛ ግን ማያያዣውን፣ አሉታውን፣ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን ሁሉ በአንድ ግሥ ላይ ደርቦ ይጽፋል። የጋዜጣ ዓምድ ወይም የስልክ ስክሪን ላይ እንዲህ ያለ ቃል መስመሩ ሊያልቅ ሲል ከመጣ ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ሙሉውን ወደሚቀጥለው መስመር መግፋትና የቀሩትን ቃላት መለጠጥ፣ ቃላቱን አጨናንቆ ማስገባት፣ ወይም ቃሉን መክፈል። ሦስተኛው ሲዘጋ ሁለቱ መጥፎዎች ብቻ ይቀራሉ። ስለዚህ ቃል መክፈል ለአማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ የበለጠ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። ነባሪው ቅንብር ግን የተሰጠው ለእንግሊዝኛ ነው።

የጥንት ጸሐፊዎቻችን ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። ብራናውን በወስፌ አስምረው ግራና ቀኙን ከወሰኑ በኋላ መስመሩ እስኪሞላ ይጽፋሉ፤ ቦታ ሲያልቅ ቃሉ የትም ይድረስ የት የቀረውን በሚቀጥለው መስመር ይቀጥላሉ። ጭረት የለም፣ ምልክት የለም። ይህ የሚቻለው ቃላትን የሚለየው ሁለት ነጥብ ስለሆነ ነው። አንባቢው ሁለት ነጥብ እስኪያገኝ ቃሉ እንዳላለቀ ያውቃል፤ የመስመሩ ማለቅ ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። በየመስመሩ ጫፍ ቀጥ ያለው የብራና ዓምድ ያንን ውበት ያገኘው ከዚህ ነው።

ሁለት ነጥብ ከዕለት ተዕለት ጽሑፍ ወጥቶ በባዶ ቦታ ሲተካ ያ ነፃነትም አብሮ ሄደ። አሁን ቃል ማለቁን የሚነግረን ባዶ ቦታ ነው፤ የመስመር መጨረሻ ደግሞ ከባዶ ቦታ አይለይም። «ሰውነት» የሚለው ቃል «ሰው» ላይ ተቆርጦ «ነት» ወደ ታች ቢወርድ አንባቢው «ሰው» ብሎ አንብቦ ጨርሶ ወደ ሚቀጥለው መስመር ሲሻገር ትርጉም የሌለው «ነት» ይጠብቀዋል፤ ተመልሶ ማንበብ አለበት። «ልጅነት»ም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በባዶ ቦታ በሚለያዩ ቃላት የምንጽፍ ከሆነ ወይ በመስመሩ ጫፍ ጭረት ያስፈልገናል፣ ወይ የት የት መቁረጥ እንደሚቻል ጠንቀቅ ብለን መምረጥ አለብን። ይህን ልዩነት አንባቢው ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ለአማርኛ ምን ዓይነት ነባሪ ይገባል የሚለው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና።

ወደ ዜሮ ቁጥሩ ቋንቋ እንመለስ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ክኑዝ በ1977 ላቴክ የቆመበትን ቴክ የተባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ መንደፍ የጀመረው የራሱ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም የሙከራ ኅትመት ሲደርሰው መልኩ ስላስከፋው ነው። ቴክ መስመር የሚሰብረው አንድ አንድ መስመር እያየ አይደለም፤ አንቀጹን በሙሉ አይቶ ጠቅላላ መልኩ የተሻለውን ይመርጣል። ክኑዝና ማይክል ፕላስ በ1981 ያሳተሙት ጥናት የዚህን ስሌት ዝርዝር ይዟል። የአሠራሩ ቅደም ተከተል ደግሞ ለኛ ጉዳይ ጠቃሚ ነው፦ ቴክ መጀመሪያ አንቀጹን ምንም ቃል ሳይከፍል ለመደርደር ይሞክራል። ተቀባይነት ያለው አደራደር ካገኘ እዚያው ያቆማል። ካላገኘ ብቻ ቃላቱን ከፍሎ ሁለተኛ ይሞክራል። ንድፉ መጫኑ ገጹን በጭረት አያጥለቀልቀውም፤ ፕሮግራሙ ሲቸገር የሚሄድበት መንገድ እንዲኖረው ያደርጋል እንጂ። «ሁልጊዜ ከበራ ጽሑፌን ይቆራርጥብኛል» ብሎ የሚፈራ ሰው ይህን ቢያውቅ ስጋቱ ይቀላል።

ንድፉን የፈጠረው የክኑዝ ተማሪ ፍራንክ ሊያንግ ነው። በ1983 ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ርዕስ ራሱ በጭረት ተከፋፍሎ የተጻፈ ነበር። ከእሱ በፊት ሁለት መንገዶች ይታወቁ ነበር። አንደኛው መዝገበ ቃላቱን በሙሉ ከነመክፈያው ኮምፒውተሩ ውስጥ መጫን ነው፤ የዚያ ዘመን ማሽን ደግሞ ይህን አይችልም። ሁለተኛው ጥቂት የሰዋስው ደንቦችን መጻፍ ነው፤ ደንቦቹ ግን ብዙ መቁረጫ ይስታሉ። ሊያንግ በመካከል አንድ ብልህ ነገር አገኘ፦ አጫጭር የፊደል ቅንጥብጣቢዎችን ወስዶ በፊደላቱ መካከል ቁጥር ማስቀመጥ። ጎዶሎ ቁጥር «እዚህ መክፈል ይቻላል» ይላል፤ ሙሉ ቁጥር «እዚህ አይከፈልም» ይላል። በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ቁጥሮች ከተጋጩ ትልቁ ያሸንፋል።

ይህን በአማርኛ ላሳይ፤ ንድፎቹ ለዚህ ምሳሌ ብዬ የሠራኋቸው ናቸው። «ነት» በሚለው መድረሻ ፊት 1 እናስቀምጥ፦ «1ነት»። ይህች አንዲት ንድፍ «ልጅነት»ን «ልጅ-ነት»፣ «ሰውነት»ን «ሰው-ነት»፣ «አንድነት»ን «አንድ-ነት» አድርጋ ትከፍላለች። ነገር ግን «እውነት» ሲመጣም «እው-ነት» ልትለው ነው፤ ይህ ለአንባቢ ዓይን መጥፎ ነው። ስለዚህ «እው2ነት» የምትል ሁለተኛ ንድፍ እንጨምራለን። 2 ከ1 ስለሚበልጥ ያ መቁረጫ ይዘጋል። አሁን «እውነትነት» የሚለውን ቃል ስጡት። «1ነት» በሁለት ቦታ ትገጥማለች፣ በመካከልና በመጨረሻ። በመካከል ያለውን መቁረጫ 2 ይዘጋዋል፤ የመጨረሻው ክፍት ይቀራል። ውጤቱ «እውነት-ነት» ነው። ሁለት ንድፎች ብቻ ናቸው፤ ፕሮግራሙ ቃሉን ከዚህ በፊት አይቶት ባያውቅም በትክክል ከፈለው። የዘዴው ጥንካሬ ይኸው ነው፦ መዝገበ ቃላት ውስጥ ለሌለ ቃልም፣ ነገ ለሚፈጠር ቃልም ይሠራል። እንደ አማርኛ ቃሉን በብዙ መልኩ ለሚያረባ ቋንቋ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የሁሉንም ግሥ እርባታ ማንም ዘርዝሮ ሊጨርስ አይችልምና።

ሊያንግ ይህን በእጁ አልሠራውም። ፓትጀን የተባለ ፕሮግራም ጽፎ ሰዎች የከፋፈሉትን የቃላት ዝርዝር ሰጠው፤ ፕሮግራሙ ንድፎቹን ራሱ አወጣ። ለአሜሪካ እንግሊዝኛ 4447 ንድፎች በቁ። በተሠሩበት የኪስ መዝገበ ቃላት ውስጥ ካሉት መክፈያዎች 89 በመቶውን ያገኛሉ፤ የተሳሳተ መክፈያ ግን አይሰጡም ማለት ይቻላል። ይህ ሚዛን ታስቦበት ነው። ያመለጠ መክፈያ አንባቢው አያየውም፤ የተሳሳተ መክፈያ ግን ዓይን ይወጋል። ከንድፎቹ ጋር 14 ቃላት ብቻ በልዩ ዝርዝር ተቀመጡ። ከነሱ አንዱ በእንግሊዝኛ «ፕሬዘንት» የሚባለው ነው፤ «ስጦታ» ሲሆን በአንድ ቦታ፣ «አቀረበ» ሲሆን በሌላ ቦታ ይከፈላል። ፕሮግራሙ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ስለማይችል ቃሉ ጨርሶ እንዳይከፈል ተደረገ።

እስከዚህ ድረስ የሠሩት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ችግሩ የመጣው ከማከማቻው ነው። ቴክ ንድፎቹን የሚያነበው ሰነድ ሲያቀናብር አይደለም። ቀድሞ በልዩ ሁኔታ ተነስቶ ያነባቸዋል፣ አጠጋግቶ ያሽጋቸዋል፣ ከዚያ ፎርማት በሚባል ፋይል ውስጥ ይጥላቸዋል። ከዚያ በኋላ አዲስ ንድፍ መጨመር አይቻልም። በመጀመሪያው የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለንድፎች የተመደበው ቦታ 8000 ክፍል ነበር፤ ለአንድ ቋንቋ ይበቃል፣ ለሁለት ይጠብባል። ጀርመናዊው ወይም ፈረንሳዊው የራሱን ቋንቋ ከፈለገ እንግሊዝኛውን አውጥቶ የራሱን መተካት ነበረበት።

በ1989 በስታንፎርድ በተደረገው የቴክ ተጠቃሚዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የአውሮፓ ተጠቃሚዎች ይህ እንዲለወጥ ክኑዝን ለመኑት፤ እሱም ተቀበለ። በ1990 የወጣው ሦስተኛው የቴክ ዝርያ ከ0 እስከ 255 ቁጥር ያላቸውን ቋንቋዎች በአንድ ጊዜ መያዝ ቻለ። ዜሮ ግን ለቀድሞው እንግሊዝኛ ተጠበቀ። ቀደም ብለው የተጻፉ ሰነዶች መልካቸው እንዳይለወጥ ታስቦ ነውና ምክንያቱ ይገባኛል። የጎንዮሽ ውጤቱ ግን ሳይታሰብ ከባድ ሆነ፦ ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ንድፍ ያጣ ቋንቋ ወደ ዜሮ ይወድቃል። የብሪታንያ እንግሊዝኛ እንኳ አላመለጠም፤ እንግሊዞች ቃል የሚከፍሉት በአመዛኙ ሥርወ ቃሉን ተከትለው ሲሆን አሜሪካኖች አነባበቡን ይከተላሉ፣ ስለዚህ የራሱ ንድፍ ካልተጫነለት የለንደን መጽሐፍ በአሜሪካ ደንብ ይቆረጣል።

255 ባዶ ቁጥሮች ተገኙ ማለት ቋንቋዎቹ ገቡባቸው ማለት አልነበረም። የቋንቋዎቹ ስምና የንድፍ ፋይላቸው የተዘረዘረበት አንድ የጽሑፍ ፋይል ነበር፤ ከብዙዎቹ መስመሮች ፊት የፐርሰንት ምልክት ተቀምጧል። በቴክ ዓለም ያ ምልክት «ከዚህ በኋላ ያለውን አታንብብ» ማለት ነው። ንድፉ ዲስኩ ላይ አለ፤ ስሙም ተጽፏል፤ ግን ጠፍቷል። ለማብራት ፋይሉን ከፍቶ ያቺን ምልክት ማጥፋት፣ ከዚያ ፎርማቱን እንደገና መገንባት ያስፈልጋል። የግል ኮምፒውተር ላለው ሰው ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ማሽኑ የዩኒቨርሲቲ ከሆነ ግን ተማሪው ያንን ፋይል የመንካት ፈቃድ የለውም፤ አስተዳዳሪውን ማሳመን አለበት። ከሁሉ በፊት ደግሞ እንዲህ ያለ ፋይል መኖሩን ማወቅ አለበት።

እኔ ስለ ነባሪ ቅንብር ያለኝ አቋም የሚነሳው ከዚህ ነው። ማብሪያው የት እንዳለ የሚያውቀው ሰው ነባሪው ምንም ቢሆን አይቸገርም፤ ጠፍቶ ቢመጣ ያበራዋል፣ በርቶ ቢመጣ ያጠፋዋል። ነባሪው የሚወስነው ለማያውቀው ሰው ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን በአማርኛ የምታዘጋጅ ተማሪ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መጽሔት የሚያሰናዳ ወጣት፣ የማኅበረሰብ ጋዜጣ በዋሽንግተን የሚያወጣ ሰው፦ እነዚህ ናቸው ጠፍቶ የመጣውን ጠፍቶ የሚተዉት። ስለዚህ «የፈለገ ያበራዋል» የሚለው መልስ ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ ሸክሙን የሚጥለው መሸከም በማይችለው ላይ ነው።

ቋንቋዎቹን አጥፍቶ ለማቅረብ የማኅደረ ትውስታ ጥበት እውነተኛ ምክንያት የነበረበት ጊዜ አልፏል። የንድፎቹ ሁኔታ ራሱ ግን ለብዙ ዓመት የተዘበራረቀ ነበር፦ አንዱ ቋንቋ በአንድ የፊደል ኮድ፣ ሌላው በሌላ ተጽፎ፣ የፋይሎቹ ስምም ወጥ ሳይሆን። በ2008 ሞይካ ሚክላቬትስና አርተር ሮይተናወር ሁሉንም ሰብስበው ወደ ጋራው የፊደል ኮድ ወደ ዩኒኮድ አዛወሩ፤ ለእያንዳንዱ በዓለም አቀፍ የቋንቋ መለያ ስም ሰጡት። ክምችቱ በዚያው ዓመት ቴክ ላይቭ በተባለው የቴክ ፕሮግራሞች ስርጭት ውስጥ ገባ። ይህ ሥራ ብዙ ሰው ስሙን ሳይሰማ የሚጠቀምበት ነው፤ እነዚሁ ንድፎች በየአሳሹና በየቢሮ ሶፍትዌሩ ውስጥ ይሠራሉ። ሉዋቴክ የተባለው የቴክ ዝርያ ደግሞ ንድፎቹን በፎርማት ውስጥ ማሸግን ተወ፤ ሰነዱ አንድ ቋንቋ ሲጠራ ያን ጊዜ የዚያን ቋንቋ ንድፍ ብቻ ያነባል። ያልተጠራ ቋንቋ ምንም ቦታ አይወስድም፣ ጊዜም አያባክንም። ከዚህ በኋላ ሁሉንም ቋንቋ አብርቶ ማቅረብን የሚከለክል ቴክኒካዊ ምክንያት አይታየኝም።

ለኢትዮጵያ ፊደልም ፋይል አለ። ሮይተናወር በ2011 ለሙከራ ብሎ ያዘጋጀው ሲሆን በአማርኛም በግእዝም ስም ይጠራል። ከዚያ በፊት ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ኦላፍ ኩመርና ዮኸን ሜትሲንገር በላቲን ፊደል የተተየበን ጽሑፍ ወደ ኢትዮጵያ ፊደል ለውጦ የሚያቀናብር የላቴክ ጥቅል ሠርተው ነበር፤ ዩኒኮድ ያልደረሰበት ዘመን ሥራ ነው። የ2011ዱ ፋይል የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ በየትኛውም ሁለት ፊደላት መካከል መክፈል ይቻላል። የብራናው ደንብ እንዳለ ተወስዷል ማለት ነው።

በቴክ ላይቭ ሙሉውን ስርጭት የጫነ ሰው ይህ ፋይል በርቶ ይመጣለታል። የተጫነ ንድፍ ሁሉ በዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ ይሠራል፤ የፐርሰንቱ ምልክት ዘመን በዚህ በኩል አብቅቷል። ነገር ግን ሙሉው ስርጭት በጊጋባይት የሚቆጠር ነው። ኢንተርኔት ውድና ቀርፋፋ በሆነበት ቦታ ያለ ሰው ትንሹን ይመርጣል፤ ትንሹ ደግሞ ቋንቋዎችን በቡድን በቡድን ለይቶ ያስቀራል። ፈረንሳይኛ የራሱ ቡድን አለው፣ ጀርመንኛም፣ ፖላንድኛም። የኛ ንድፍ ያለው «ሌሎች ቋንቋዎች» በሚለው ውስጥ ነው። በሊኑክስ ላይ በዴቢያን በኩል ቢመጣም ያው ነው። አማርኛ የሚጽፍ ሰው «አማርኛ» የሚል ነገር ፈልጎ ያጣና ንድፉ አልተሠራም ብሎ ይደመድማል። የኢትዮጵያ ፊደል ፋይል ደግሞ በአንድ የስልክ ፎቶ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባ ያህል ትንሽ ነው። ትላልቆቹን ፎንቶች ለይቶ ማስቀረት ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለውን ትንሽ ፋይል ግን ከመሠረታዊው ስርጭት ማስቀረት ያተረፈው ነገር የለም። ንድፎች ሁሉ ከመሠረቱ ጋር ይምጡ የምለው ለዚህ ነው።

ከመጽሐፍ ይልቅ በስልክ የሚነበብበት ዘመን ላይ ነንና ወደዚያም መሄድ አለብን። አንድሮይድ በ2015 ስድስተኛው ዝርያው ሲወጣ ቃል መክፈልን ጀመረ። ለአማርኛ፣ ለትግርኛና ለግእዝ የሚያገለግል የጋራ የኢትዮጵያ ፊደል ንድፍ ውስጡ አለ። በ2019 በአሥረኛው ዝርያ ግን ቃል መክፈል ለሁሉም ቋንቋ በነባሪ እንዲጠፋ ተደረገ። የተሰጠው ምክንያት በሙከራ የተደገፈ ነው፦ ጽሑፍ ለመለካት ከሚወጣው የፕሮሰሰር ሥራ እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ቃል መክፈሉ ሊወስድ ይችል ነበር። ለአጭር መልእክት፣ ለአዝራር ስም፣ ለማስታወቂያ መስመር ይህን ያህል ወጪ ማውጣት ትርፍ የለውም፤ በዚህ ውሳኔያቸው እስማማለሁ። ረጅም ጽሑፍ የሚያስነብብ አፕ ግን ሌላ ነገር ነው። የዜና፣ የመጻሕፍት፣ የጸሎት አፕ የሚሠሩ ወገኖቻችን ማብሪያው አንዲት የኮድ መስመር መሆኗን ቢያውቁ መልካም ነው፤ ንድፉ ከስልኩ ጋር መጥቷልና የሚወርድ ነገር የለም።

ድረ ገጽም ተመሳሳይ ነው፤ አሳሹ ቃል የሚከፍለው የገጹ ሠሪ ሲጠይቅ ብቻ ነው። ሲጠይቅም ገጹ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ መናገር አለበት። አማርኛ የሞላበት ገጽ በኮዱ ራስጌ «እንግሊዝኛ ነኝ» ብሎ ካወጀ አሳሹ የሚፈልገው የእንግሊዝኛ ንድፍ ነው፤ እዚህም በሌላ በር ወደ ዜሮ ቁጥሩ ቋንቋ ገባን። ከዚያ በታች ደግሞ የዩኒኮድ የመስመር ማጠፊያ ደንብ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ሲሆን፣ ደንቡ ፊደሎቻችንን እንደ ላቲን ፊደላት ያያቸዋል፦ በቃሉ ውስጥ አትጠፍ፣ ከሁለት ነጥብ በኋላ ግን መታጠፍ ትችላለህ።

ነባሪን አብሩ ስል ማንኛውም ነባሪ ይብራ ማለቴ እንዳልሆነ ግን መግለጽ አለብኝ፤ ተገላቢጦሹን የአዲስ አበባ ሌይአውት ሠሪዎች በደንብ ያውቁታል። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቻችንን የላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ያስቀመጡ ነበሩ። ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይታያል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ነው። የገጽ ማቀናበሪያው የእንግሊዝኛ ቃል መክፈያ በርቶ ከሆነ ያንን ድርድር እንደ እንግሊዝኛ ቃል ቆጥሮ ይከፍለዋል። በአንዳንዶቹ ፎንቶች አንድ ፊደል ከሁለት ቁራጭ የሚገጣጠም ስለሆነ ጭረቱ በራሱ በፊደሉ መካከል ሊገባ ይችላል፤ አካሉ በአንዱ መስመር፣ ቅጥያው በሌላው። ይህን ያየ ሰው ቃል መክፈያውን ለዘለዓለም ቢያጠፋው አይፈረድበትም። ልማዱ ግን ወደ ዩኒኮድ ከተሻገርን በኋላም ቀጠለ፤ ምክንያቱ ጠፍቶም ማጥፋቱ አልቀረም።

ስለዚህ ለአማርኛ በርቶ መምጣት ያለበት ምን ዓይነት ንድፍ ነው? ጽሑፉ በሁለት ነጥብ የሚለያይ ከሆነ የ2011ዱ ፋይል ልክ ነው፤ ጭረት እንዳያስገባ ብቻ ማድረግ ነው፣ ቴክም ይህን ይፈቅዳል። ቅዱሳት መጻሕፍትንና የብራና እትሞችን የሚያዘጋጁ ሰዎች ዛሬውኑ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በባዶ ቦታ ለሚለያይ ዘመናዊ ጽሑፍ ግን «የትም ክፈል» የሚለው በቂ አይደለም። «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» ብቻቸውን በመስመር ጫፍ ሲቀሩ አስቀያሚ ናቸው፤ ከሁለት ፊደል በታች እንዳይቀር መወሰን ይህን ያስወግዳል። የቀረውን እውነተኛ የአማርኛ ንድፍ መሥራት አለበት፦ «እንዳል-ተመለከታቸውም» የሚለውን የሚመርጥ፣ «እንዳልተመ-ለከታቸውም» የሚለውን ሌላ መንገድ ሲጠፋ እንኳ የሚጠላ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ፕሮግራም አይደለም፤ ፓትጀን ከአርባ ዓመት በፊት ተጽፏል። የሚያስፈልገው በእጅ የተከፋፈለ የቃላት ዝርዝር ነው፤ በአንድ መስመር አንድ ቃል፣ መከፈል በሚቻልበት ሁሉ ጭረት። ግሦቹ በየእርባታቸው፣ ስሞቹ ከነቅጥያቸው፣ እንደ «ቤተ ክርስቲያን» ያሉት ተጣምረውም ተለያይተውም የሚጻፉት በሁለቱም መልክ ይገባሉ። ዝርዝሩን ሊሠሩ የሚገባቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የመስመር ጫፍ ሲያዩ የኖሩት የማተሚያ ቤት አራሚዎች ናቸው ብዬ አስባለሁ፤ የቋንቋ ምሁሩ ቅጥያው የት እንደሚጀምር ያውቃል፣ አራሚው ደግሞ አንባቢው የት እንደሚደናቀፍ ያውቃል። ሁለት አራሚዎች ያልተስማሙበት ቃል ሲገኝ ያለ ጭረት ተጽፎ ይቀመጣል። ሊያንግ «ፕሬዘንት»ን ያስቀመጠው እንደዚያ ነው።